9፣ 10 ወይስ 11? ለኤሌክትሪክ ጊታር የክር ውፍረት ስትመርጡ

አንድ ሰሞን በየሳምንቱ ሰርግ ላይ ጊታር እጫወት ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት ምንም አይልም። ጭፈራው ሲሟሟቅ ግን የግራ እጄ፣ አውራ ጣቴ ሥር ያለው ጡንቻ፣ መቃጠል ይጀምራል። ሶስተኛው ሰዓት ላይ አንዲት ቤንድ ለማድረግ (ክሩን በጣት ገፍቼ ድምፁን ከፍ ለማድረግ) ጥርሴን እነክሳለሁ። ጊታሬ ላይ የነበረው 11 ቁጥር ክር ነው። ለምን 11 እንደመረጥኩ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሴ ዝግጁ ነበር፦ ወፍራም ክር ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ይህን የነገረኝ አንድ ጎበዝ ጊታሪስት ነው። ለእሱም የነገረው ሌላ ሰው ነው።

አንድ ቀን 11 አጣሁና የግዴን 9 ገጠምኩ። የዚያን ምሽት ያህል ዘና ብዬ ተጫውቼ አላውቅም። ድምፁ ቀጠነ ያለኝ ሰው አልነበረም። አጠገቤ የቆመው ኪቦርዲስት እንኳን ክር መቀየሬን አላወቀም። ነገሩን በደንብ ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ሰው እጁን እስኪያመው እንዳይጠብቅ ብዬ ያወቅኩትን እነሆ።

ቁጥሩ የሚናገረው

ፓኬቱ ላይ 9-42 ወይም 10-46 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር የአንደኛዋ፣ ማለትም የቀጭኗ ክር ውፍረት ነው። ሁለተኛው የስድስተኛዋ ነው። መለኪያው ኢንች ለሺህ ተከፍሎ ነው። ስለዚህ 10 ማለት 0.010 ኢንች፣ ወይም 0.254 ሚሊ ሜትር ነው።

በ9 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት 0.025 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ይህቺ ታዲያ ምን ለውጥ ታመጣለች? ብዙ ታመጣለች። አንድን ክር እስከ አንድ ድምፅ ድረስ ለመቃኘት የሚያስፈልገው ውጥረት የሚያድገው በውፍረቱ ስኩዌር ነው። 9ን በ10 ስትተኩ ውፍረቱ 11 በመቶ ይጨምራል። ውጥረቱ ግን 23 በመቶ ይጨምራል። ጣታችሁ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

በኪሎ ላስቀምጠው፤ ለእኔም የገባኝ በኪሎ ሳስበው ነው። ስትራቶካስተር በሚባለው የፌንደር ጊታር ላይ፣ በተለመደው ቅኝት፣ 8 የሆነች አንደኛ ክር የምትወጠረው በ4.7 ኪሎ ገደማ ነው። 9 ወደ 6 ኪሎ ትጠጋለች። 10 ከ7 ኪሎ ታልፋለች። 11 ወደ 9 ኪሎ፣ 12 ደግሞ ከ10 ኪሎ በላይ ይሆናሉ። ስድስቱም ክሮች ሲደመሩ 9-42 የጊታሩን አንገት በ38 ኪሎ ገደማ ይስበዋል። 10-46 ወደ 47 ኪሎ ያደርሰዋል። 11-49 ከ50 ኪሎ ያልፋል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ቀንና ሌሊት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚያድር አስቡት።

ስለዚህ ክር ስትመርጡ ቁጥሩን ትታችሁ ኪሎውን ብታስቡ ይሻላል። ኪሎውን ደግሞ ውፍረቱ ብቻውን አይወስነውም።

ያው 10፣ ሌላ ጊታር

«ጓደኛዬ 10 ነው የሚጠቀመው፣ እኔም 10 ልግዛ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የጓደኛው ጊታር ሌስ ፖል ነው፤ የእሱ ስትራቶካስተር። ሁለቱ እኩል አይደሉም።

የፌንደር ስትራቶካስተር እና ቴሌካስተር ክር ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት መስመር ያለው ቁራጭ) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት) 25.5 ኢንች፣ ማለትም 648 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የጊብሰን ሌስ ፖል እና ኤስጂ ግን 24.75 ኢንች፣ 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ናት ልዩነቷ። አጭር ክር እዚያው ድምፅ ላይ ለመድረስ ያነሰ ውጥረት ይበቃዋል። ልዩነቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። ሌስ ፖል ላይ ያለ 10 እጅ ላይ የሚሰማው ስትራቶካስተር ላይ ከ9.5 ትንሽ ጠንከር ብሎ ነው። ስትራቶካስተር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ 9-42፣ ሌስ ፖል ደግሞ 10-46 ተገጥሞለት መምጣቱ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ፒአርኤስ የሚባለው ጊታር 25 ኢንች ነው፤ መሀል ላይ ተቀምጧል።

ለልጅ የሚገዛ ትንሽ ጊታር ላይ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። የስኳየር ሚኒ ስትራቶካስተር 22.75 ኢንች ነው። እዚያ ላይ 9 ስትገጥሙ አንደኛዋ ክር በትልቁ ጊታር ላይ 8 የምትሰጠውን ውጥረት ነው የምትይዘው። ትልከሰከሳለች፤ ልጁ ትንሽ ጫን ሲላት ቅኝቷን ትስታለች። «ልጅ ነው፣ ቀጭን ይሁንለት» ብለን የምናስበው እዚህ ላይ አይሠራም። ለሚኒ ጊታር 10 ግጠሙለት። በልጁ ጣት ላይ እንደ 9 ነው የሚሰማው።

ሶስተኛው ነገር ቅኝት ነው። ዘፋኙ ድምፁ እንዲመቸው ጊታሩን በሙሉ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ የምትቃኙ ከሆነ ውጥረቱ 11 በመቶ ይቀንሳል። ሙሉ ድምፅ ካወረዳችሁ 21 በመቶ ይቀንሳል። 11 ገጥሞ ሙሉ ድምፅ ያወረደ ሰው በተለመደው ቅኝት 10 ከሚጠቀም ሰው ትንሽ ለስለስ ያለ ክር ነው እጁ ላይ ያለው።

የብሉዝ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን 13 ቁጥር ይጠቀም ነበር ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኝ እንደነበር ግን አብሮ የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። እንደዚያም ሆኖ አንደኛዋ ክር ላይ 11 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የእሱ እጅ ሌላ ነገር ነው። በሌላ በኩል ብላክ ሳባዝ የሚባለውን የሮክ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚን አስቡ። በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ በሚሠራበት የብረት ፋብሪካ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንባቸው ጣቶች ነበሩ። ጫፋቸው ላይ የሚያጠልቀው ነገር ሠራ፣ ቀጫጭን ክር ገጠመ፣ በኋላም ቅኝቱን አወረደ። ከባድ የሚባለው የሮክ ድምፅ ከማን እጅ እንደመጣ ስናይ፣ ቀጭን ክር የደካማ ነው የሚለው ወሬ ዋጋ ያጣል።

9-42 እና 10-46

አብዛኞቻችሁ የምትመርጡት ከእነዚህ ሁለት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

9-42 ለቤንድ እና ለቫይብራቶ (ድምፁን በጣት ለማንቀጥቀጥ) ምቹ ነው። ጣት ቶሎ አይደክምም። ለጀማሪም፣ ረጅም ሰዓት ለሚጫወትም፣ ሶሎ ለሚያበዛም ጥሩ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። እጁ ከባድ የሆነ ሰው ሲጫነው ድምፁ ሹል ይላል፤ ማለትም ከትክክለኛው ቦታ ከፍ ይላል። በፒክ ጠንክሮ የሚመታ ሰው ላይ ደግሞ ድምፁ ሲጀምር ከፍ ብሎ ኋላ ይወርዳል። ክሩ ሲርገበገብ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፣ ክሮቹ ለፍሬቱ (አንገቱ ላይ ለተደረደሩት የብረት ዘንጎች) ቀርበው ከተስተካከሉ ዝዝ የሚል ድምፅ ያመጣል። ሁለተኛዋን ክር ደግሞ ልብ በሉ። በ9-42 ስብስብ ውስጥ እሷ 11 ናት፤ ውጥረቷም 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ከስድስቱ ሁሉ ላላ ያለች እሷ ናት። ኮርድ ስትይዙ አንዲት ክር ብቻ ከቅኝት የወጣች ከመሰላችሁ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ።

10-46 ሪትም ላይ ይረጋል። ጠንክራችሁ ብትመቱም ድምፁ ቦታውን አይለቅም። ኮርዶች ንጹህ ሆነው ይወጣሉ። ቤንድ ማድረግ አሁንም ይቻላል፤ ትንሽ ጉልበት ይጠይቃል እንጂ። ሌስ ፖል ላለው ሰው ያለ ብዙ ሐሳብ 10-46 እላለሁ። ግማሽ ድምፅ አውርዶ ስትራቶካስተር ለሚጫወትም እንደዚሁ። ስትራቶካስተር በተለመደው ቅኝት ለሚጫወት ጀማሪ ግን መልሴ 9-42 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጣት ራሱ ገና አልጠነከረም። ክሩ በጣም ስለወጠረ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የተወ ሰው አውቃለሁ፤ አንድ ብቻ አይደለም።

መሀል ላይ የቀረ ሰው 9.5-44 የሚባለውን ይሞክር። ግማሽ ቁጥር ቀልድ ይመስላል። ግን ጣት ያውቃታል።

ቅልቅሎቹ

9-46 የሚባል ስብስብ አለ። ላይኛዎቹ ሶስት ቀጫጭን ክሮች ከ9፣ ታችኛዎቹ ሶስት ወፍራሞቹ ከ10 የተወሰዱ ናቸው። እኔ ዛሬ የምጠቀመው ይህን ነው። የእኛ ሰርግ ላይ ጊታር ሁለት ሥራ አለው። አብዛኛውን ሰዓት ሪትም እየቆረጠ ይቆያል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ደግሞ በድንገት ዜማ ይመልሳል። ለሪትሙ የማይላላ ወፍራም ክር፣ ለዜማው የሚለመጥ ቀጭን ክር እፈልጋለሁ። 9-46 ሁለቱንም ሰጥቶኛል።

10-52 በዚሁ መንገድ የተሠራ፣ ጠንከር ያለው ነው። ስድስተኛዋን ክር ብቻ ወደ ዲ ለሚያወርድ ሰው፣ በዲስቶርሽን ከባድ ሪፍ ለሚጫወት ሰው ይሆናል።

ከሁለቱ ዳር ያሉት

11 የሚያስፈልገው ቅኝት ለሚያወርድ፣ በስላይድ (ጣት ላይ በሚጠለቅ ቱቦ) ለሚጫወት፣ ወይም በተፈጥሮው እጁ ለከበደ ሰው ነው። በተለመደው ቅኝት ስትራቶካስተር ላይ 11 ለመግጠም ከድምፁ ውፍረት ሌላ ምክንያት ይኑራችሁ። 12-54 በአብዛኛው የጃዝ ተጫዋቾች ነው። ብዙ ጊዜ ሶስተኛዋ ክርም ሽቦ የተጠመጠመባት ትሆናለች። ኮርዱ ያምራል፤ ሶስተኛዋን ቤንድ አደርጋለሁ ማለት ግን ልፋት ነው።

8 እጅግ ቀላል ነው። የሮክ ጊታሪስቱ ይንግቬይ ማልምስቲን 8-46 ይጠቀማል። 8 የሚሆነው ጣቱ ቀላል ለሆነ፣ ሳይጫን ለሚነካ ሰው ነው። ቶሎም ይበጠሳል። ጣቱ ላይ ወይም የእጁ አንጓ ላይ ሕመም ላለበት ሰው ግን 8 ጊታርን ለመተው ከማሰብ በፊት የሚሞከር ነገር ነው።

ስለ ድምፅ የሚባለው

ወፍራም ክር ወፍራም ድምፅ ይሰጣል የሚለው ሙሉ ውሸት አይደለም። ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ላይ የሚርገበገበው ብረት ሲበዛ የሚወጣው ሲግናል በትንሹ ይጨምራል። ግን ፒክአፑን በስክሩድራይቨር ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ያንኑ ታገኛላችሁ። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው የቤዝ ማዞሪያ ደግሞ ከክሩ የበለጠ ትሠራለች።

ዚዚ ቶፕ የሚባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት ቢሊ ጊቦንስ ይህን ነገር በራሱ አይቶታል። በወጣትነቱ ወፍራም ክር ይጠቀም ነበር። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢቢ ኪንግ ጊታሩን ተቀብሎ ሞከረና ለምን ይህን ያህል እንደሚደክም ጠየቀው፤ ይህን ጊቦንስ ደጋግሞ ተናግሮታል። ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ እየቀነሰ 7 ቁጥር ላይ ደረሰ። የጊቦንስን ድምፅ ቀጭን ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ቀጭን ክር ራሱ የተጫዋቾች ፈጠራ ነው። ድሮ የሚሸጠው ስብስብ ከባድ ነበር። እንደ ጄምስ በርተን ያሉ ጊታሪስቶች የባንጆ ክር ገዝተው አንደኛዋ ቦታ ላይ ይገጥሙ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ የጊታር ሱቅ የነበረው ኧርኒ ቦል ይህን አይቶ ቀላል ስብስብ አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ፤ በፈረንጆቹ 1962 ነው። ዛሬ የተለመደ የምንላቸው 9 እና 10 ከዚያ ዘመን ፍለጋ የመጡ ናቸው።

በእኛ ቅኝቶች

ይህ ክፍል ለእኔ ዋናው ነው። ስለ ክር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ብሉዝና ሮክ እየታሰበ ነው፤ የእኛ ጣት ግን ሌላ ሥራም አለው።

ትዝታ ሜጀር ውስጥ ድምፆቹ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ጎረቤቶች የሉም። ክር ተጭናችሁ ትንሽ ሹል ብትሉ ጆሮ ይቅር ይላል። አንቺሆዬ እና አምባሰል ግን ይህን አይምሩም። ሁለቱም ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ጎረቤት ድምፆች በአንድ ፍሬት ብቻ ይለያያሉ። የቅኝቱ ጣዕም ያለው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ታችኛው ድምፅ በመጫን ብዛት ትንሽ ከፍ ካለ ጥበቱ ይበላሻል። አንቺሆዬው አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ አምባሰል እና አንቺሆዬ የሚያበዛ፣ እጁም ከባድ የሆነ ሰው ከ9 ይልቅ 10 ቢይዝ እመርጣለሁ።

በሌላ በኩል የማሲንቆ እና የድምፃዊ እርግብግቢት ጊታር ላይ ለማምጣት የሚፈልግ ሰው አለ። ዜማው ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ፣ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚሄደው። ለዚያ ክሩ ለጣት መታዘዝ አለበት። እዚህ ላይ 9 ይሻላል፤ ሲጫኑ ግን ቀለል አድርጎ መጫንን መለማመድ ግድ ነው። ሁለቱንም እፈልጋለሁ የሚል 9.5 ይሞክር።

ቁጥር ስትቀይሩ ጊታሩም ይነካል

ከ9 ወደ 10 ስትሄዱ አንገቱ ላይ ከ8 ኪሎ በላይ ትጨምራላችሁ። አንገቱ ትንሽ ወደ ፊት ይጎብጣል። ክሮቹ ከፍሬቱ ከፍ ይላሉ፤ መጫን ይከብዳል። ብዙ ሰው «10 ከበደኝ» የሚለው ይህን ሳያስተካክል ነው። አንገቱ ውስጥ ያለውን ትረስ ሮድ ሩብ ዙር ያህል ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከቀነሳችሁ ደግሞ ማላላት ነው። ቀስ ብላችሁ፣ እያያችሁ። ካልለመዳችሁት ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ስትራቶካስተር ላይ ትሬሞሎው (በዘንግ የሚወዛወዘው ብሪጅ) በስፕሪንግ ነው የተያዘው። ክሩ ሲወፍር ብሪጁ ከኋላ ይነሳል። ከጀርባ ያለውን ክዳን ፈትታችሁ የስፕሪንጎቹን መያዣ ብሎኖች ማጥበቅ ወይም አንድ ስፕሪንግ መጨመር ያስፈልጋል። ፍሎይድ ሮዝ (ክሮቹን የሚቆልፍ የትሬሞሎ ዓይነት) ያለው ጊታር ላይ ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፍሎይድ ሮዝ ያላችሁ አንድ ቁጥር ምረጡና እዚያው ቆዩ።

ነቱን አትርሱ። አንድ ጊዜ ጊታሬን ለባለሙያ ሰጥቼ 11 ገጠመልኝ፤ የነቱን መስመሮች ግን አላሰፋቸውም። ስቃኝ ክሩ ተይዞ ይቆይና ድንገት ቂጭ ብሎ ይዘላል። ቤንድ ባደረግኩ ቁጥር ቅኝቱ ይጠፋል። ወር ሙሉ መቃኛዎቹን ስረግም ከረምኩ። ጥፋቱ መስመሩ ለክሩ መጥበቡ ነበር። ከ9 ወደ 10 ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ወደ 11 እና ከዚያ በላይ ስትሄዱ ግን መስመሮቹን አስፈትሹ። ከዚያም 12ኛው ፍሬት ላይ የተጫናችሁት ድምፅ እዚያው ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ከምታወጡት ሃርሞኒክ ጋር መግጠሙን በቲዩነር እዩ። ከፍ ካለ ብሪጁ ላይ ያለችውን የዚያችን ክር መቀመጫ ወደ ኋላ መሳብ ነው።

ስትገዙ

ኒኬል የተቀባ ብረት የተለመደው ነው፤ ሌላ ምክንያት ከሌላችሁ እሱን ውሰዱ። እንዳይዝግ በስስ ሽፋን የተሸፈነ ክር ዋጋው ይወደዳል፤ ግን ይቆያል። እጁ ላብ ለሚያበዛ፣ ወይም እንደ ዱባይ ወበቅ ባለበት አገር ለሚኖር ሰው ገንዘቡን ያወጣል።

ክር ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ የምታገኙ ከሆነ የተለያየ ቁጥር አታስመጡ። መጀመሪያ ምርጫችሁን ለዩ፤ ከዚያ ያንኑ አራት አምስት ፓኬት አስልኩ። ቶሎ የምትበጠሰው አንደኛዋ ስለሆነች ለብቻዋ ትርፍ ያዙ። 9 እና 10 የትም ይገኛሉ። እንደ 9.5 ያለ ቁጥር የለመደ ሰው ግን አንድ ቀን ሱቅ ለሱቅ መዞሩ አይቀርም። ምርጫው ውስጥ ይህም ይግባ።

መሞከሪያ

አዲስ ክር በገጠማችሁ ቀን አትፍረዱ። አዲስ ክር ሁሉ ያበራል፤ ሁሉ ያምራል። ሶስት ቀን ተጫወቱበትና ቅኝቱ ይርጋ። ከዚያ አንድ የምታውቁትን ዜማ ምረጡ፤ እኔ ትዝታ ነው የምጫወተው። ሳታቋርጡ ሃያ ደቂቃ ተጫወቱ። ስትጨርሱ ሶስት ነገር እዩ። ሶስተኛዋ ክር ላይ ሙሉ ድምፅ ቤንድ አድርጋችሁ በቲዩነር ለኩ፤ ትደርሳላችሁ ወይስ ትጎድላላችሁ? ከጎደላችሁ ክሩ ለጊዜው ከብዷችኋል። ቀጥሎ ክፍት ኮርድ ያዙና በጆሮ ስሙት፤ ክፍት ክሮቹ ልክ ሆነው የተጫናችኋቸው ከፍ ካሉ ወይ እጃችሁ በዝቷል ወይ ክሩ ቀጥኗል። በመጨረሻ አውራ ጣታችሁ ሥር ያለውን ጡንቻ በሌላው እጅ ጫን አድርጉት። ካመማችሁ መጀመሪያ የክሮቹን ከፍታ አስተካክሉ። ያም ካልረዳ አንድ ቁጥር ውረዱ።

የገጠማችሁበትን ቀንና ቁጥሩን ፓኬቱ ላይ ጻፉና የጊታሩ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ አስራ ምናምን ባዶ ፓኬቶች አሉ። የመጨረሻዎቹ ስድስት ላይ የተጻፈው 9-46 ነው።